የወሩ ምርጥ ደብዳቤ

የመጀመሪያውን የጻፍኩት ስለ ቧንቧ ነው፤
አረብ ገንዳ መውጫ፣ ከወፍጮ ቤቱ ሥር ስለቆመው፣
አራት ወር ሙሉ ጠብታ ስላጣው፣
ሸረሪት ገብታ አፉን ስለሸመነችው።
ከልብስ ልኬቴ ደብተር ቅጠል ገንጥዬ፣
ሲንጀሬን አቁሜ፣ «ክቡር አዘጋጅ ሆይ» ብዬ፣
ጦሳ ጉሙን እስከ አንገቱ ስቦ ገና ሳይነቃ
ፖስታ ቤት ወረድኩ፤ ቴምብሩን በምላሴ ላስኩት፤ በቃ።

በሁለተኛው ወር፣ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ጋር፣
መጽሔቱ መጣ። ገጽ አርባ ስድስት፣ በቀይ ክፈፍ ዳር፣
«የወሩ ምርጥ ደብዳቤ» ይላል፤ ዘለለ ልቤ።
ስሜ ግን «አቶ ጦይብ» ነው፤ ጦይባ መሆኔ ቀረ፤
የሰፈሩ ስም፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ሁሉም ተቆርጦ ተሰወረ፤
ርእስም ሰጥተውታል፤ «የዘመናችን ጥም»፤
ያነበበው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ፤ የውሃ ሰው ግን አልመጣም።

ሽልማቱ ሌላ ቀን በጥቅል ደረሰኝ፤
ጃንጥላ ነው፤ ጥቁር፣ እጀታው ቆልማማ፤ ዝም አሰኘኝ፤
ውሃ አጣን ብዬ ብጽፍ ጃንጥላ ላኩልኝ።

እትዬ ዘሙ ከደጇ ቆማ አይታ፣
ባዶ ጀሪካኗን እንደያዘች፣ በሳቅ ትንፋሿ ጠፍቶ ቆይታ፣
«እሰይ ልጄ! አሁን ደግሞ ስለ ብርዱ ጻፊላቸው፣
ማራገቢያ ይልኩልናል፣ አላህ ይስጣቸው።»

እኔ ግን ጣመኝ። ውሸት ምን ያደርጋል፤
ስሙን በቀለም ያየ ሰው፣ በጠላ ካልሆነ በዚያ ይሰክራል።
ጥበቡንም ደረስኩበት፤ እንደ ቀሚስ ልክ ነው፤
በምሳሌ ይጀመራል፤ ወገቡ ላይ ማጥበቅ ነው፤
ከመሃል አንድ እናት ወይ አንድ ሕፃን ማስለቀስ፣
ከታች ለአዘጋጁ ምስጋና፣ ዘርፍ አድርጎ መጨረስ፤
ከሁለት መቶ ቃል እንዳያልፍ፤ ያለፈውን በመቀስ።

በዚሁ ልክ ብዙ ሰፋሁ። ስለ መናኸሪያው ሌባ፣
ስለ ሸዋበር ጭቃ፣ ስለ መስከረም አበባ፤
ብዕር በላሁ፣ የግድግዳ ሰዓት በላሁ፣
አንድ ጊዜማ ያልሞተች አክስት ገድዬ መቶ ብር በላሁ።
ሰፈሩ ሰማ። አንዱ የድንበር ክሱን፣ ሌላው የጠፋች ፍየሉን ይዞ መጣ፤
«ተሸላሚዋ» ሆነ ስሜ፤ ልብስ የሚያሰፋ ግን ታጣ።

ሙሄ ወንድሜ፣ በባቲ አድርጎ የወጣ፣
ጅዳ ገባ ከተባለ ሁለት ዓመቱ፤ ድምፁ ሳይመጣ።
አንድ መንገደኛ አድራሻውን አመጣልን፣ በሲጋራ ካርቶን ላይ፤
«ጻፊለት» አለች እናቴ፤ «አንቺ ተሸላሚዋ አይደለሽ ወይ?»

ተቀመጥኩ። በዚያው በተሸለምኩት ብዕር፣
ናፍቆት እንደ ቦርከና ይሞላል አልኩ፤ ዓይን እንደ ደሴ ሰማይ ሳይጠራ ያድር።
ሳነብላት፣ የማስለቀሻው ቦታ ላይ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፤
ጨረስኩ። እንባዋን ጠበቅሁ።
«ያምራል» አለች። ቆየችና፣ «ሙሄ የቱ ጋ አለ?»
ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ በጀርባውም የለ።

ከዚያ እሷ አለች፣ እኔ ጻፍኩ፦

«ሙሄ፣ ጣሪያው ተከደነ።
ቁልፉ እዚያው ድንጋዩ ሥር ነው።
ጋቢህን አላጠብኩትም።
ያ ጥርስህ ተሻለህ?
ዘሙ ሰላም ብላሃለች።
አብሽር።»

ልማድ ሆኖብኝ ቆጠርኩት፤ አሥራ ሰባት ቃል።
የሚቆረጥ ፈለግሁ፤ መቀስ በየት ይገባል?

ወደ ፖስታ ቤት ስወርድ ወፍጮው ጋ ሰው ተሰብስቧል፤
ያሲን ጎሚስታው፣ ማንም ሳይጽፍለት፣ ቧንቧውን በጎማ ቁራጭ አስሯል፤
እጁን ሲያነሣ ውሃው ሽቅብ ፈነዳ፣
ጀሪካን ተንጋጋ፣ ያ ሁሉ ሰው ሆነ የሠርግ እንግዳ።
እኔም ያን ጥቁር ጃንጥላ፣ ሣጥን ውስጥ የሰነበተ፣
እያፈርኩ ዘረጋሁት፤ ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ።
ለራሴ አይደለም፤
የሙሄ አድራሻ በቀለም ነው፤ ውሃ አይችልም።